ያነበበ ይመልስ

ካራንቲና፣ ቤይሩት
መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ ሸዋንግዛው፣

ይህ ወረቀት ወረታ ሲደርስ ሙሉ ጤና ሆነው፣ መነጽርዎም በክር ሳይሆን በራሱ ብሎን ቆሞ ያግኝዎት። እኔ ሆዴ የጾሙን መጨረሻ ከመቁጠሩ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። «በስልክ ሁለት ሰዎች ግማሽ ዕድሜያቸውን ‹ይሰማል?› በመባባል ይጨርሳሉ» ብለው ስለከለከሉኝ፣ ይኸው እንደ ወትሮው በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ በጎረቤትዎ በመምህርት ተዋበች ቴሌግራም ልኬዋለሁ። ያው ስልክ ነው፤ ሥርዓቱ ግን አልተጓደለም።

አዲስ ወሬ አለኝ። ከጦይባ ጋር ከተከራየናት ክፍል ሥር አንድ አርመን ሽማግሌ የብስክሌት ጥገና አለው። ሙሴ ጋራቤድ ይባላል። ባሕር የከፈለው ሙሴ እንዳይመስልዎ፤ ድሮ እናንተ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ እንደምትሉት ማለት ነው። ይህ ሰው የተጣለ ብስክሌት እየሰበሰበ፣ እየጠገነ፣ እሑድ እሑድ እረፍት ለሚወጡ የቤት ሠራተኞች ያውሳል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አሥራ አንዳችንን ይዞ ከተራራው ማዶ ያለውን ሜዳ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሊያስነዳን አስቧል። ሰባ ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳው ቤቃዕ ይባላል፤ ጦይባ «በቃ» ነው የምትለው። ስሙን ሰምታ አጭር መስሏት ተመዘገበች።

ጋሼ፣ እኔ ግን ተመዝግቤም ልቤ አልተመዘገበም። ምክንያቱን ያውቁታል። «ብስክሌት» የሚለውን ቃል ለእርስዎ ስጽፍ በአሥር ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ እናቴ ስለ ቦሰና ወገብ ይጽፉልኛል፤ እኔ ስለ ማዳሜ ድመት እጽፍልዎታለሁ። ኅዳር 2005 ማለዳ ብስክሌትዎን ከበረንዳው ወስጄ፣ ባሕር ዳር ድረስ ነድቼ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች ቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ አስደግፌ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ መሄዴን ግን ሁለታችንም ትንፍሽ ብለን አናውቅም። ለእናቴ የአጎት ልጅ ነዎት፤ ግን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አሳድገው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ከአንዲት ብስክሌት በቀርም ንብረት አልነበረዎትም። እኔም እሷኑ መርጬ ወሰድኩ።

ሙሴ ጋራቤድ መጀመሪያ ቀን ኮርቻ ላይ ሲያስቀምጠኝ እግሬን ከመሬት አላነሣ አልኩ። መውደቅ ፈርታ ነው ብሎ የልጅ ረዳት ጎማ ሊገጥምልኝ ተነሣ።

ስለዚህ እጠይቃለሁ። ይቅር ብለውኛል ወይ? ይህን ሳላውቅ ሰባ ኪሎ ሜትር ቀርቶ እስከ ወደቡም የምነዳ አይመስለኝም። የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ሲጠብቁ በየመጽሐፉ ጀርባ፣ አልበቃ ብሎዎት በብስክሌትዋ የኋላ ጎማ ፓራፋንጎ ላይ በነጭ ቀለም በጻፉት ቃል ልሰናበትዎ፤

ያነበበ ይመልስ።

የምስራች

•

ወረታ
ሚያዝያ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምስራች፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል፤ የዘገየሁት በሥርዓት ነው። በሰሙነ ሕማማት ሰላምታ መለዋወጥ ክልክል ነው፤ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ደግሞ የመብራት ቢል ነው። እሱን ከመብራት ኃይል አገኘዋለሁ።

እኔ ደኅና ነኝ። መነጽሩ አሁንም በክር ነው፤ ክሩ ግን ተቀይሯል። እናትሽ ቦሰና ለፋሲካ መጥታ ሁለት ቀን ስታስተዳድረኝ ሰነበተች። ወገቧ ደኅና ነው፤ ምላሷም አልደከመም። «ያቺ ልጅ ከሳች ወይ?» ትልሻለች። ፎቶሽን ባሳያት «ፎቶ ያወፍራል» አለችኝ።

ስለ ጉዞው ያነሣሽው ደስ የሚል ነው። የሕዝብ ብዛት ባለበት መንገድ እንዳትነጂ። ውኃ ያዢ። የሙሴ ጋራቤድ ነገርም ደስ ብሎኛል፤ ረዳት ጎማውን ግን እንዳትቀበይው፤ ከኔ ቤት የወጣች ልጅ በአራት ጎማ ሄደች ሲባል መስማት አልፈልግም።

አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ብታገኚ የውስጥ ጎማ፣ ባለ ሃያ ስምንት ካላማዳሪያ፣ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው ሳምንት አይሞላም፤ ይተነፍሳል። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

የጠየቅሽው አንድ ነገር ደግሞ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ አለቀብኝ።

ሸዋንግዛው

•

ካራንቲና፣ ቤይሩት
ሚያዝያ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሸዋንግዛው፣

ከትንሣኤው በረከት ያሳትፍዎ፤ ከእናቴም አስተዳደር በሰላም መውጣትዎ ደስ ብሎኛል። «ወረቀቱ አለቀብኝ» ያሉበት ገጽ ግማሹ ባዶ ነው። መምህርት ተዋበች ፎቶውን ስታነሣ አልቆረጠችውም፤ ባዶው ከነጥራቱ ደርሶኛል።

ካላማዳሪያውን ሙሴ ጋራቤድ ከመደርደሪያ አውርዶ «ለአጎትሽ ከሆነ ስጦታ ነው» አለኝ። ሲፈን የምትባል ጓደኛችን ኮንትራቷን ጨርሳ ግንቦት 5 ወደ አገሯ ትገባለች፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ትልክልዎታለች። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ ስላሉ አልጠይቅም፤ ግን ብስክሌት የሌለው ሰው ካላማዳሪያ አይልም። አዲስ ገዙ ማለት ነው? እንኳን ደስ ያለዎ። ግን ደግሞ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ሰው አዲስ የሚገዛው ከአሮጌዋ ተስፋ ሲቆርጥ ነው፤ ከአሮጌዋ ተስፋ የቆረጠ ደግሞ በወሰዳት ሰው ላይ ምን እንደቆረጠ እንጃ።

ልምምዱን ይዘነዋል። ትናንት ባዳሮ ሰፈር ድረስ፣ እስከ ማዳሜ በር፣ ነድቼ ሄጄ ነበር። ማዳሜ ከበረንዳ አይታኝ «ሞን ድዩ!» ብላ ቡናዋን በአበባው ላይ ደፋች። አበባው ደኅና ነው።

ጦይባ መቼም ያውቋታል፣ አንደበቷ አያርፍም። ሙሴ ጋራቤድን ያዘችው።

«ሙሴ፣ እውነቱን ንገረን። ሰባ ኪሎ ሜትር እኮ ነው። ከባድ ነው?»

«ሳህል» አለ፤ ካቴና እየቀባ፣ ቀና ሳይል።

«ሁሉም?»

«ኩሉ ሳህል።»

ጦይባ ዓረብኛውን ከመድረሳ ጀምራ ነው የምታውቀው። ዞራ «ሳህል ማለት ቀላል ማለት ነው፤ ኸላስ፣ አለቀ!» ብላ ለአሥራችንም ተረጎመች። ከዚያ ወዲህ ልምምድ የሚቀሩ በዝተዋል።

ጥያቄዬን እደግመዋለሁ፤ እኔ ወረቀቱ አላለቀብኝም። ይቅር ብለውኛል? ጉዞው ሚያዝያ 29 እሑድ ነው።

የምስራች

•

ወረታ
ሚያዝያ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምስራች፣

መንገድሽ የቀና፣ ንፋስሽ የጀርባ ይሁን። አጭር ነው የምጽፈው፤ ኔትወርክ አለ ሲባል መምህርት ተዋበች በር ላይ ቆማ እያስቸኮለችኝ ነው።

ያንን ቃል ሁለት ቀን አብሬው ዋልኩ። ሳህል በዓረቡ ቀላል ነው ካልሽ ይሁን። በግእዙ ግን ሣህል ይቅርታ ነው፣ ምሕረት ነው። ሣህሉን ያብዛልን ሲባል ሰምተሽ የለም? ስለዚህ ያ አርመን «ሁሉም ምሕረት ነው» ብሎሻል። ሽማግሌ እየቀባ የሚናገረውን ቀላል አድርገሽ አትውሰጂ።

ለብዙ ሆናችሁ ስትነዱ አንድ ሰው ፊት ሆኖ ንፋስ ይቁረጥ፣ ሌላው ከኋላው ይጠለል፤ ከዚያ ተራ ቀይሩ። ሁልጊዜ ፊት የሚሆን ጀግና ከሰዓት በኋላ ተሸክመውት ነው የሚመለሱት።

ስለ ካላማዳሪያው አመሰግናለሁ። ከእሱ ጋር አንድ ቀጭን የቀለም ብሩሽ ይቻል ይሆን? የጣት ጥፍር የምታክል ጫፍ ያላት።

ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ተውሼ የወሰድኩት አድርገሽ ቁጠሪው፤ የመመለሻው ቀን ገና ነው። እስከዚያ የጉዞውን ቀን አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ፤ የዚያችንም የኅዳር ማለዳ ጨምሪበት። መጽሐፍ ሲመለስ ገጹ ይቆጠራል፤ ይህ የቤተ መጻሕፍት ደንብ እንጂ የኔ ክፋት አይደለም።

ሸዋንግዛው

•

ካራንቲና፣ ቤይሩት
ግንቦት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሼ ሸዋንግዛው፣

ሰላምታዬ ቆሜ እየጻፍኩ መሆኑን ከግምት አስገብተው ይቀበሉኝ። መቀመጥ ከሦስት ቀን በኋላ ይቻላል ብለውኛል። ብሩሹን ከካላማዳሪያው ጋር ለሲፈን ሰጥቻለሁ። ሥዕል ጀመሩ እንዴ?

እንግዲህ ገጹን ይቁጠሩ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ብስክሌቶቹን በጭነት መኪና፣ እኛን በቫን ጭነው ተራራውን ወጣን። ከአናቱ ላይ የወታደር ኬላ አለ። ወታደሩ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ አሥራ አንድ ሴት ቆጠረ፤ ወረቀት ሰበሰበ።

«ወዴት?»

«ቤቃዕ። በብስክሌት» አለ ሙሴ ጋራቤድ።

«ለሥራ?»

«ለደስታ።»

ወታደሩ ወረቀቶቻችንን እንደገና አገላበጠ። እንዲህ የሚል መደብ በመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በኢቃማችን ላይ የለም መሰለኝ። ጓደኛውን ጠርቶ ተማከረ፤ በመጨረሻ ወረቀቱን መልሶ «ያላ፣ ሂዱ፤ ግን ተጠንቀቁ» አለን፤ ከምን እንደሆነ አልተናገረም።

ተራራውን ወርደን ዓንጃር ከምትባል የአርመኖች ከተማ ተነሣን። ሙሴ ጋራቤድ ተወልዶ ያደገባት ናት፤ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ክሩ የተተረተረ ኮፍያ አድርጎ ከፊት ሆነ። ጦይባ ረጅም ቀሚሷን ካቴናው እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ሁለት ቦታ ይዛዋለች። «በዚህ አገር ስኖር መቆንጠጫ ለራሴ ልብስ ሲጠቅም ይህ መጀመሪያው ነው» አለች።

ጋሼ፣ ሜዳውን ባዩት! ፎገራን ወስዶ በሁለት ተራራ መካከል ያስቀመጠው አለ። ሩዝ የለውም፤ ድንች፣ ስንዴ፣ ሽንኩርት ነው። ንጋቱ ቀዝቃዛ፣ መንገዱ ባዶ። ድንች የሚኮተኩቱ የሶሪያ ሴቶች ቀና ብለው አዩን፤ እጃቸውን አውለበለቡ፤ እኛም አውለበለብን፤ ሁለታችን ተጋጭተን ወደቅን፤ ተነሣን።

ምክርዎን ለሙሴ ጋራቤድ ነግሬው ነበር፤ «አጎትሽ ብስክሌተኛ ነው» አለ። እያንዳንዳችን እስከ መቶ ቆጥረን ከፊት እንድንወርድ ተስማማን። ግን ሁሉም የየራሷን መቶ ነው የቆጠረችው። የስሪላንካዋ በራሷ ቋንቋ ስለቆጠረች ማንም ሊቆጣጠራት አልቻለም። ጦይባ በዚክር ነው። እኔ ቁጥሩ ሲጠፋብኝ በአባታችን ሆይ ቀየርኩት፤ ሁለት አባታችን ሆይ አንድ ተራ። ሁለተኛው ላይ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ስደርስ ሁልጊዜ ትንፋሽ ያጥረኛል። ዳገት የለበትም፤ እንዲያው ነው።

ከቀትር በፊት ቀርዖን ሐይቅ ደረስን። ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር! በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ እንቁላል ቅቅል፣ ቲማቲም፣ ዛዕታር የሚሉት ቅመም የተቀባ መንኡሼ፣ ትኩስ ቂጣ፣ በላን። ሁሉም ሳቀ። ሁሉም ሳህል ነው ተባለ።

ከዚያ ዞርን። ስንዞር ንፋሱ ፊት ለፊት ቆሞ ጠበቀን። በዚያ ሜዳ ከቀትር በኋላ የሚበረታ ንፋስ ነው፤ ጠዋት ከኋላችን እየገፋን እኛ ጉልበታችን መስሎን ነበር። ሽንኩርት የጫነ አህያ ቀደመን። አላጋነንኩም፤ አህያው ዞር ብሎ አየኝ።

አምሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጦይባ ወረደች። ብስክሌቷን አጋደመች፤ ከጎኗ ቁጭ አለች።

«ኸላስ! በቃ!»

«እሱማ ስሙ ነው» አልኳት።

«አንቺ ልጅ አትቀልጂብኝ፣ እመታሻለሁ። ሙሴ! ሳህል ነው አላልክም?»

«ሳህል ነዋ!» አለ ሽማግሌው፤ ግራ ገብቶት እጁን ዘረጋ። «ይኸው ሳህል። ተራራ ታያለሽ?»

ጦይባ አፏን ከፍታ ሜዳውን አየች። ለካ ሳህል በእነሱ ሜዳም ማለት ነው። ሰውየው የጠየቅነውን ስለ መንገዱ መስሎት ሜዳ ነው ብሎ መለሰ፤ እኛ ቀላል ነው ብለን ሰማን። ጦይባ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ እስክታነባ ሳቀች፤ «መድረሳ ገንዘብ ቢያስከፍል ኖሮ አስመልስ ነበር» አለች። ስትስቅ ተነሣች፤ ተነሥታም ነዳች።

ስልሳኛው ላይ የኔ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሙሴ ጋራቤድ ለጥፎ መንፊያውን ሰጠኝ፤ «እያንዳንዷ የራሷን ትንፋ» ደንቡ ነው። ወደ ሁለት መቶ ጊዜ ገፋሁ። ክንዴ እንደ ጨርቅ ሆነ። እየነፋሁ የኅዳሩ ማለዳ መጣብኝ፤ ይኸው እጽፈዋለሁ።

የዚያን ማለዳ እርስዎ ተኝተው ነበር። ሻንጣዬን በገመድ ከኋላ አሰርኩ። የፈራሁት የኋላውን ጎማ ነው፤ ያቺ ብስክሌት ማታ ተነፍታ ጠዋት ግማሽ እንደምትሆን ያውቃሉ፤ መንፊያው ደግሞ ከአልጋዎ ሥር ነው። ጎማውን በጣቴ ጫን ብል እንደ ድንጋይ ጠንክሯል! አማተብኩ። እመቤቴ ናት አልኩ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ አልተነፈሰም። ይህን ተአምር ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «እመቤታችን ሌባ አትረዳም» አሉኝ፤ እኔ ግን የነካሁትን ነክቻለሁ። መንገዱን ሁሉ ፓራፋንጎው ላይ ያለው ጽሕፈት ከኋላዬ እየተከተለ «ያነበበ ይመልስ» ይለኝ ነበር። ከአጥሩ ሳስደግፋት ጽሕፈቱን ወደ መንገዱ አዞርኩት። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም። አላለቀስኩም፤ ያለቀስኩት አውቶቡሱ ላይ ነው።

ጎማው ሞላ። ነዳሁ። የመጨረሻውን አሥር ኪሎ ሜትር ከሁለት አባታችን ሆይ በላይ ፊት ሆንኩ፤ ማንም አላስቀየረኝ፤ ዓንጃር ስንገባ አሥራ አንዳችንም ደወል ደወልን፤ ጦይባ ደወል ስለሌላት በአፏ ደወለች።

ገጹ ይኸው፤ አልጎደለም። አሁን የመመለሻው ቀን ደርሷል ጋሼ።

የምስራች

•

ወረታ
ግንቦት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምስራች፣

እንኳን ለመቀመጥ አበቃሽ። ዕቃው ደርሷል፤ ሲፈንን እግዜር ይስጥልኝ በያት። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ አንዱን ለእናትሽ ጮክ ብዬ ነው። «አህያ ቀደመኝ» ካልሽበት ስትደርስ «ያው የኛ ዘር ናት» አለች።

አሁን ልመልስ።

አዲስ ብስክሌት አልገዛሁም። ይህን ስጽፍ ያቺው ጥቁሯ ከፊቴ በረንዳው ላይ ቆማለች። አንቺ በሄድሽ በአራተኛው ቀን በላይነህ የሚባል የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ከባሕር ዳር ድረስ ነድቷት መጣ። ስሜን ከኮርቻው ሥር አንብቦ ነው ያገኘኝ። «ለምን ለፋህ?» ብዬ ብጠይቀው ፓራፋንጎውን በጣቱ አሳየኝ። «ያነበበ ይመልስ ይላላ! እኔ ደግሞ አነበብኩት» አለኝ። ሰላሳ ዓመት መጽሐፍ ሳውስ እንደዚያ ያለ አንባቢ አላጋጠመኝም። አሳድሬው በአውቶቡስ ሸኘሁት።

ለምን አልነገርሽኝም ትያለሽ። ልነግርሽ ብዕር አንሥቼ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያ ደብዳቤሽ መጣ፤ አምስት ገጽ። ከሌላ ቤት የሄዱ ልጆች በዓመት አንዴ «ደኅና ነኝ» ይላሉ፤ አንቺ ስለ ድመት አምስት ገጽ ትጽፊያለሽ። ጸጸት እንደሆነ ገባኝ። ነጻ ብለቅሽ ወደ አንድ ገጽ ትወርጃለሽ ብዬ ሰጋሁ። ይህ ራስ ወዳድነት ነው፤ አሥር ዓመት ቆይቶብኛል፤ ይቅርታ የምጠይቀው እንግዲህ እኔ ነኝ።

ወደ ተአምሩ ልምጣ። የእመቤታችንን ክብር መቀነስ አልፈልግም፤ የንስሐ አባትሽ ግን ትክክል ናቸው። በዋዜማው ማታ ሻንጣሽን ከአልጋሽ ሥር አይቼው ነበር። ቅሪ ብልሽ ትቀሪ ነበር፤ ቀርተሽም በየማለዳው በዚያ ዓይንሽ ታዪኝ ነበር። ሂጂ እንዳልልሽ ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ። ብስክሌቷን እንደምትወስጂ አወቅሁ፤ በዚያ ሰዓት ከወረታ የሚነሣ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ ከአንቺ ቀድሜ ተነሣሁና የኋላውን ጎማ ነፋሁ። ሁለት መቶ አሥር ጊዜ። ሳል እንዳይመጣብኝ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። ስትወጪም አልተኛሁም፤ በመስኮቱ ቀዳዳ የግንብ ማዞሪያውን እስክትታጠፊ አየሁሽ። ቀጥ ብለሽ ነበር የምትነጂው፤ እኔ እንዳስተማርኩሽ።

እንግዲህ የተሰረቀ ነገር የለም። ያዋስኩሽ ነው። ምሕረቱም ከበደሉ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ የትኛው ሳህል እንደሆነ አንቺ ፍረጂ።

ካላማዳሪያው ሳምንት አልፎታል፤ አልተነፈሰም። ትናንት እስከ ሩዙ ማሳ ሄጄ ተመለስኩ፤ አህያ አልቀደመኝም። በብሩሽዋም የፓራፋንጎውን ጽሕፈት አደስኩት፤ ቀለሙ ተልጦ ነበር። ስጽፈው ግን ሁለት ቃል ቀየርኩ። መምህርት ተዋበች ፎቶውን አንሥታ ከዚህ ጋር ትልክልሻለች፤ የመመለሻውን ቀን ባዶ ትቼዋለሁ፤ አይቸኩልም፣ ወንበርሽንም ማንም አልተዋሰውም።

አሁን እንዲህ ነው የሚለው፤

ያነበበች ትመለስ።

ሸዋንግዛው